የአባባ ረድፍ ብርቱካኖች

እሑድ፣ የደረስኩ ዕለት

ደረስኩ። መንገዱ ጭቃ ስለነበር አውቶቡሱ ዘገየ፤ ጠርሙሶቹን ጭኔ ላይ አቅፌ ነው የመጣሁት። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ "ማር ነው?" አለኝ። ባክቴሪያ ነው ብዬ ብነግረው ወንበር እንደሚቀይር ስለገባኝ "አዎ" አልኩት። አባባ ቢያየኝ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር።

አባባ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ከሩቅ የብርቱካን ችግኝ ሲያመጣ፣ ጣሪያ ላይ ከጫነው ንፋስ ይሰብረዋል ብሎ ለአንዱ ተሳፋሪ ያስታቅፈዋል። ችግኙ ሲተከል የዚያ ተሳፋሪ ስም ይወጣለታል። ከቤታችን ፊት ያለው ረድፍ የተሞላው እንዲህ ነው፦ ሙሽራዋ፣ ወታደሩ፣ አዋላጇ፣ መምህሩ፣ ዳር ላይ ደግሞ ደላላው። የደላላው ፍሬ ጎምዛዛ ነው። አባባ "መንገዱን ሙሉ ሲዋሽ ስለመጣ ነው" ይል ነበር።

እማዬ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። አቀፈችኝ። እጇ ያው በረኪና በረኪና ይሸታል። ዕድሜዋን የሆስፒታል ክፍል ስታጸዳ ኖራ ጡረታ ከወጣች ቆይታለች፤ ሽታው ግን ጡረታ አልወጣም። ልጅ ሳለሁ ማታ ከሥራ ስትመለስ መጀመሪያ ሽታዋ ይገባል፣ ከዚያ እሷ ትገባለች። ዓይኔን ጨፍኜ ትንሽ ቆየሁ። ቤቴ ገባሁ።

ሰኞ

ጠዋት ከጋሼ ጋር ዛፎቹን ዞርን። ስልክ ላይ "ትንሽ ነካ ነካ አድርጓቸዋል" ነበር ያለኝ። ታላቅ ወንድሜ ትንሽ የሚለው ይህን ከሆነ ብዙ የሚለውን ማየት አልፈልግም። ቅጠሉ ላይ ቡናማ ሻካራ ቁስል፣ ዙሪያውን ቢጫ። ፍሬው ላይ እንደ ኪንታሮት አብጧል። ሙሽራዋ ከሁሉም ብሶባታል። ደላላው ብቻ እምብዛም አልተነካም። ጋሼ "በሽታውንም አታሎት ይሆናል" አለ።

በሽታው ባክቴሪያ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ከቅጠል ወደ ቅጠል እየተፈናጠረ ይዛመታል። እኔ ያመጣሁትም ባክቴሪያ ነው። ከጤነኛ ብርቱካን ቅጠል ላይ አግኝተን ቤተ ሙከራ ውስጥ ያራባነው ነው። አዲስ ቅጠል ላይ ቀድሞ ቦታ ከያዘ ክፉውን መግቢያ ያሳጣዋል። የቆሰለውን አያድንም፤ የሚወለደውን ነው የሚጠብቀው። ብቻ በሕይወት መድረስ አለበት። ይህን ሁሉ ለጋሼ ሳስረዳው እስከ መጨረሻው ሰማኝና "እነዚህኞቹ ከነዚያኞቹ ጋር ቢስማሙስ?" አለኝ።

ከሰዓት የእጽዋት ጥበቃው ተቆጣጣሪ መጣ። ወጣት ነው፤ ጨዋ። ግቢ ከመግባቱ በፊት ቦት ጫማውን ይዞት ከመጣው የበረኪና ባልዲ ውስጥ ነከረ። እማዬ አይታ "አሳዳጊ ያሳደገው" አለች። ነገሩን ሲናገር ግን ጨዋነቱ አልጠቀመንም። ዝናቡ እስኪያበቃ ይታገሰናል። ያኔ በዚህ ረድፍ ላይ አዲሱ ቅጠል ንጹህ ከሆነ ዛፎቹ ይቆያሉ፤ ከቆሰለ ተቆርጠው ይቃጠላሉ። ከአጥሩ በታች ያለው የጋሼ ብርቱካን እርሻ ገና ብዙ ስላልተያዘ በሽታው ከላይ እየወረደ እንዳይጨርሰው ነው። ጋሼ በእሺታ አንገቱን ነቀነቀ። የልጆቹ ጉሮሮ ያ እርሻ ነው፤ አልፈርድበትም።

እማዬ ሰውዬው እስኪወጣ ጠበቀችና "ሙሽራዋንም?" ብላ ጠየቀችኝ። "አንዷንም አንሰጥም" አልኳት። ምን አስፎከረኝ?

ሐሙስ

የመጀመሪያው ርጭት። በጀርባ የሚታዘሉ ሁለት መርጫዎች አሉ። አዲሱ የቤቱ ነው፤ በእሱ የአባባን ረድፍ እኔ እረጫለሁ። አሮጌው ታች ጋሼ ዘንድ ነው። ለጋሼ አንድ በአንድ ነገርኩት፦ የዝናብ ውሃ ብቻ፤ ፀሐይ ሳትበረታ፤ መድኃኒት የነካው ዕቃ እንዳይጠጋው። ደግሜ ነገርኩት። "ሰማሁ እኮ" ብሎ ተቆጣኝ። ካልደጋገምኩለት የራሱን እንደሚያደርግ አውቃለሁ።

እማዬ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው። "ሆስፒታል ስንገድለው የኖርነውን አንቺ በጠርሙስ ይዘሽ መጣሽ?" "እነዚህ ጥሩዎቹ ናቸው እማዬ።" "ስሙ ምን ይለውጠዋል? ትል ትል ነው።"

ስጨርስ መርጫውን ከጀርባዬ ተቀበለችኝ። "ስጪኝ፣ ደክሞሻል፤ እኔ አጥቤ እሰቅለዋለሁ።" ሰጠኋት። ማን ደክሞሻል ካለኝ ቆየ።

ሐሙስ ማታ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከዕቃ ቤቱ የመርጫው ፓምፕ ድምፅ ይሰማኛል፤ እማዬ እስካሁን እያጠበች ነው። ቤቱ እንደ ድሮው ይሸታል። ወለሉ፣ ኩባያው፣ ትራሱ፣ ሁሉም።

ትምህርት ቤት ዝግ ሲሆን ሆስፒታል ይዛኝ ትሄድ ነበር። መተላለፊያው ላይ ካለው ረጅም አግዳሚ ላይ ታስቀምጠኛለች፤ እግሬ መሬት አይደርስም። ከክፍል ክፍል ስትገባና ስትወጣ አያታለሁ። ነርሶቹ ሁሉ ይፈሯታል። አንድ ቀን አንዲት አዲስ ሠራተኛ በበረኪና የታጠበ ሳህን በቧንቧ ውሃ ስታለቀልቅ አገኘቻት። "በጥሬ ውሃ መልሰሽ ካለቀለቅሽው ምኑን አጠብሽው?" አለቻት፤ ጮክ እንኳ ሳትል። ልጅቷ አለቀሰች። እኔ ኮራሁ። በዓለም ላይ ከእናቴ በላይ ነገር የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ማታ አብረን በአባባ አውቶቡስ እንመለሳለን። የመጨረሻው ጉዞ ስለሆነ ተሳፋሪ የለም። አባባ በመስታወቱ ያየንና "ክብርት ዋና ሐኪም፣ ዛሬ ስንት ሰው አዳኑ?" ይላታል። "መንገድህን እይ" ትለዋለች። ሁልጊዜ ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ። ኋላ ወንበር ላይ ተኝቼ እየሰማሁ እንዲህ ያለ ነገር ያልቃል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ረቡዕ

ሁለተኛ ርጭት። ከባድ ዝናብ። የደረቀ ልብስ የለኝም።

ማክሰኞ

አዲስ ቅጠል ብቅ ብሏል፤ ለስላሳ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ። ሙሽራዋ ላይ እንደ ልጅ ጥርስ አንድ በአንድ እየቆጠርኩ ነው። እስካሁን ንጹህ ነው። ለእማዬ ነገርኳት። ፊቷ በራ፤ ከዚያ ብርሃኑን ለመደበቅ ጋሼን መቆጣት ጀመረች። የእሱን መርጫ ታች ከዛፍ ሥር ተጥሎ አይታዋለች፤ ጭቃ፣ ቅጠል፣ ማሰሪያው ውስጥ ሸረሪት። "የእህትህን ተመልከት፤ ሲሰቀል የሙሽራ ዕቃ ይመስላል።" ጋሼ "የእኔ ሸረሪትም ትኑር እንጂ" አለ።

እውነቷን ነው። መርጫዬ ዕቃ ቤት ውስጥ ሚስማሩ ላይ ሲያበራ ሳየው ልቤ ደስ ይለዋል።

ዓርብ

ሙሽራዋ ላይ ቁስል። አዲሱ ቅጠል ላይ። ወታደሩም ላይ።

ቅዳሜ

ታች ወረድኩ። የጋሼ ዛፎች አዲሱ ቅጠላቸው ንጹህ ነው። አላመንኩም፤ ተንበርክኬ ሳይቀር አየሁ። ያው ጠርሙስ፣ ያው ሳምንት፣ ያው ዝናብ።

ለምን? የላይኛው ቀድሞ ስለታመመ? ከቤቱ ግድግዳ የሚመለሰው ሙቀት? እኔ ስረጭ ፀሐይ ወጥታ ነበር? ፀሐዩን ጠርጥሬ የዛሬውን ሦስተኛ ርጭት ጎህ ሲቀድ ነበር ያደረግኩት። እማዬ በጨለማ ተነስታ መርጫውን አውርዳ አቀበለችኝ። ተመልሼ ስመጣም ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። "አምጪው።"

ሰኞ

ጋሼ ከአጥሩ ወዲያ ከጎረቤቱ ጋር ሲያወራ ሰማሁት። "እህቴማ ተምራለች፤ ግን ትምህርቷ ታች ይሠራል፣ ላይ አይሠራም።" ጎረቤትየው ሳቀ። ጋሼ ግን አልሳቀም። "የአባታችን ዛፍ ነው" አለ ቀስ ብሎ። ተመልሼ ቤት ገባሁ።

ከዚያ የቤተ ሙከራ ባልደረባዬ ደወለችልኝ። ሁላችን ጠርሙስ ነው የምንላት፤ ጠርሙስ ሳትይዝ ስለማትታይ። ያለ ጥፋቷ ወነጀልኳት፦ ያሸግሽልኝ ደካማ ነው፣ ሙቀት አስመትተሽዋል፣ ምናምን። ሳትቆጣ ሰማችኝ። "ከጠርሙሱም ከሁለቱም መርጫ አፍም ጠብታ ወስደሽ ዝሪያቸው፤ በሕይወት ያለ ካለ ሳህኑ ላይ ይበቅላል" አለችኝ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚያውቀውን። ሰው ቤቱ ሲገባ ትምህርቱን በር ላይ ያወልቃል መሰለኝ።

ረቡዕ

ጠብታዎቹን ከቤተ ሙከራ ይዤ በመጣኋቸው ሳህኖች ላይ ዘርቻለሁ። ቁም ሳጥኔ ላይ ናቸው። እማዬ ክፍሌን ስታጸዳ እንዳትነካቸው ነገርኳት። "ትል እያረባሽ አጠገቡ ትተኛለሽ" አለችና በእግሯ ጣት ቆማ አለፈች፤ የተኛ ሕፃን ያለ ይመስል።

ዓርብ

ከጠርሙሱ የዘራሁት ሳህን ሞልቷል። ከጋሼ መርጫ የዘራሁት ሞልቷል።

ከእኛ መርጫ የዘራሁት ላይ ምንም የለም። አንድም። እንደ እማዬ ወለል ንጹህ ነው።

ይህን ዓረፍተ ነገር ከጻፍኩ በኋላ ብዕሬን አስቀመጥኩ። ዕቃ ቤት ሄድኩ። መርጫውን ከሚስማሩ አውርጄ ክዳኑን ከፈትኩና አፍንጫዬን አስገባሁ። አግዳሚው፣ መተላለፊያው፣ የአባባ አውቶቡስ፣ ልጅነቴ በሙሉ ወጣ። ታች ጥቂት ፈሳሽ ተኝቷል፤ ቱቦው ውስጥም አለ። በውሃ አላለቀለቀችውም። በጥሬ ውሃ ካለቀለቀችው ምኑን አጠበችው?

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ለጋሼ ሁሉንም ነገር ደጋግሜ ነገርኩ፤ እሱን ስለማላምነው። ለእማዬ አንድ ቃል አልነገርኩም። ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ ያ ሽታ አፍንጫዬ ሥር ነበር፤ እኔ ደግሞ እየሳብኩ ደስ ይለኝ ነበር። ሌላ ሰው ቤት ቢሆን በመጀመሪያው ቀን አላውቀውም ነበር?

ቅዳሜ

ለጠርሙስ ደወልኩላት። "በረኪና ነው" አልኳት። "እናቴ መርጫውን በየጊዜው በበረኪና ታጥበዋለች። ከመጀመሪያው ርጭት ወዲህ ስረጭ የነበረው የሞተ ነው። ዛፎቹን የሚያሳጣን እሱ ነው።" ይቅርታም ጠየቅኳት። ለእናትሽ ነገርሻት ወይ አለችኝ። "አልነግራትም" አልኳት። "እሷ እያዳነች መስሏታል።"

መስኮቱ ክፍት ነበር። እማዬ ውጭ ገመዱ ላይ አንሶላ ታሰጣ ነበር፤ አንሶላው መሐላችን ነው። ንፋስም ነበር። አልሰማችም።

እሑድ

መርጫውን ከእንግዲህ ጋሼ ያጥበው አልኳት። ሰበብ አዘጋጅቼ ነበር፤ ወገብሽን ያምሻል፣ ምናምን። ክርክር ጠብቄ ነበር። "እሺ" አለች። ብቻ። በእጇ የያዘችውን ጨርቅ አጥፋ አስቀመጠች።

ምሳ ብዙም አልበላችም። ብርድ መትቷት ይሆናል።

ሐሙስ

መርጫውን በዝናብ ውሃ ደጋግሜ አጥቤ አየር ላይ አቆየሁት። ዛሬ በሕይወት ያለ ረጨሁ። አሁን ነው የጀመርኩት ማለት ነው፤ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል። የደረሱት ቅጠሎች እንደሆኑ ቆስለዋል። የሚቀረው ገና ያልወጣው ነው።

እማዬ አመሻሽ ላይ ሙሽራዋ ሥር ትቀመጣለች። ድሮ ከሥራ ስትመለስ እግሯን ዘርግታ የምታርፍበት ቦታ ነው። ልጆች ሆነን ሙሽራዋ ማን ናት እያልን እንጨቀጭቃት ነበር። የወታደሩን ታሪክ፣ የደላላውን ታሪክ አባባ እየጨመረ ይነግረን ነበር፤ የሙሽራዋ ላይ ሲደርስ እሷን አይቶ ይስቃል፤ እሷ ደግሞ "አንዷ ናት" ትላለች።

ዛሬ ስጠራት ቶሎ አልመለሰችም።

ማክሰኞ

ዝናብ የለም። ሰማዩ ጠርቷል። የትናንት ወዲያው ቡቃያ ንጹህ ነው፤ ግን ትንሽ ነው፣ በጣም ትንሽ ነው። ተቆጣጣሪው ነገ ይመጣል። ጊዜ እንዲጨምርልኝ እለምነዋለሁ። የሆነውን እነግረዋለሁ? ከነገርኩት እማዬ ፊት ነው የሚሆነው።

ረቡዕ

ከዛፍ ዛፍ እየዞረ አየ። ጊዜ ወስዶ ነው ያየው፤ ቅጠል ሲገለብጥ እንኳ ቀስ ብሎ ነው። "አዲሱ ላይ አለ" አለኝ። "የታችኛው እርሻ ግን ደህና ነው። የእርስዎ ነገር ይሠራል ማለት ነው። እዚህ ምን እንደሆነ ያውቃሉ?"

እማዬ አጠገቤ ቆማ ነበር። እኔን አላየችኝም፤ ሙሽራዋን ነው የምታየው።

"አላውቅም" አልኩት። "ሙቀቱ ይሆናል።"

ምናልባት እውነቱን ብናገር አንድ ወር ይሰጠኝ ነበር። ምናልባት ጋሼ ታች ያለውን ዛፉን አስቦ እምቢ ይል ነበር። ምናልባት ምናልባት። ተቆጣጣሪው ደላላው ብቻ ይቆይ አለ፤ አዲሱ ቅጠሉ ላይ ቁስል የለም። ጋሼ "ይኼ ሰውዬ ተከራክሮ አመለጠ" ብሎ ሊያስቀን ሞከረ፤ ድምፁ ግን መሐል ላይ ተሰበረ።

ቅዳሜ

ዛሬ ተቆረጡ። ጋሼ ሌላ ሰው አይነካቸውም ብሎ ራሱ ቆረጣቸው። መምህሩ፣ አዋላጇ፣ ወታደሩ። እማዬ ወንበር አውጥታ ተቀምጣ አየች። ቤት እንድትገባ ብለምናት "በሽተኛ ብቻውን አይተውም" አለችኝ።

ሙሽራዋ ላይ ሲደርስ ተነሳች። ጋሼ መጋዙን አወረደ።

"አባታችሁ ሊያገባኝ ሲወስደኝ በዚያው አውቶቡስ ነው" አለች። "ሌላ መኪና ከየት ያመጣል። ነጭ ልብሴን ለብሼ ከኋላው ተቀመጥኩ። መንገድ ላይ አቆመና ሥሩ በአፈር የተጠቀለለ ችግኝ ይዞ መጣ። እቀፊልኝ አለኝ። በሠርጌ ልብስ? አልኩት። እሱ ከሠርጉ በላይ ችግኙ አሳስቦታል። አቀፍኩለት። እዚህ ስንደርስ ልብሴ ከደረቴ እስከ ጉልበቴ አፈር ነበር። ሰው ሁሉ አየኝ። አፈርኩ፤ ተናደድኩ። ከዚያ ወዲህ ነው ቆሻሻ የማልወደው።"

ሳቀች። እኛ አልሳቅንም። ከዚያ ግንዷን በመዳፏ ነካ ነካ አደረገቻትና "ቀጥል ልጄ" አለችው።

ጭሱ እስኪመሽ ግቢው ውስጥ ቆየ። የብርቱካን እንጨት ጭስ ጣፋጭ ሽታ አለው። ባላውቀው ይሻለኝ ነበር።

እሑድ

ነገ እመለሳለሁ። ዛሬ ጠዋት ስነሳ እማዬ ቤት ውስጥ አልነበረችም። ዕቃ ቤቱ ክፍት ነው፤ ሚስማሩ ባዶ ነው። ሮጥኩ ማለት ይቻላል።

ደላላው ሥር አገኘኋት። መርጫውን መሬት ላይ አቁማዋለች፤ ከበርሜሉ የዝናብ ውሃ ቀድታበታለች። መርጫው ከመጨረሻው ርጭት የቀረበት ጭቃ አለበት። አልጠረገችውም። ክዳኑ ላይ የተጣበቀችውን ቅጠል እንኳ አላነሳቻትም።

"እነዚያን እንግዶችሽን ስጪኝ" አለችኝ። ትል አላለችም። "አንቺ ስትሄጂ ይህን ማን ይረጨዋል? ወንድምሽ እንደሆነ ይረሳዋል።"

ጠርሙሱን አመጣሁላት። ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋችና መልሳ ሳበችው። ሁለቱንም መዳፎቿን ገልብጣ አሳየችኝ፤ ልጆች ሆነን ከመብላታችን በፊት እኛ እንደምናሳያት።

"በውሃ ብቻ ነው የታጠብኩት" አለችኝ።

አንሶላውን፣ ንፋሱን፣ "እሺ" ያለችኝን ቀን፣ ተቆጣጣሪው ሲጠይቀኝ ወደ ዛፏ ማየቷን አሰብኩ። ይህን ሁሉ ቀን ብቻዋን ይዛው ነበር፤ እኔም እየሸሸግኩላት መስሎኝ ነበር። "እማዬ" አልኩ። "ውሃው ይበቃል ወይ?" አለችኝ። "ይበቃል" አልኳት።

እየለካሁ ጨመርኩላት። ስትረጭ ከታች ወደ ላይ፣ ከቅጠሉ ጀርባ ጀመረች፤ ማንም ሳይነግራት። ስትጨርስ መርጫውን ከነጭቃው ወስዳ ሰቀለችው። ከዚያ መጥታ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችና ሳመችኝ።

እጇ ምንም አይሸትም ነበር። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።